ምጤን የዋጥኩበት ቀን

ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ልነግራችሁ ነው የቆምኩት። ክብር ለስሙ ይሁን!

ያደግኩት ላሊበላ አቅራቢያ፣ ብልባላ ነው። የእንጀራ አባቴ የልጅ ለቅሶ አይወድም። ያለቀሰ ይመታል፣ አለቀ። እኔም ከንፈሬን ነክሼ መዋጥ ለመድኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ጊዜ አትርፎኛል። ጎረቤቱ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ!» ይለኝ ነበር። ጨዋነት መሰላቸው፤ ፍርሃት ነው እንጂ!

አግብቼ ላሊበላ መጣሁ። ባሌ ደግ ሰው ነው፤ ግን «ምን ሆንሽ?» ሲለኝ መልሴ «ምንም» ነው። ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ወንጌል ይነግሩኛል። «ልጄ፣ የሆድሽን ለጌታ ንገሪው» ይሉኛል። አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ፤ የሆዴን ግን ለማን ብዬ ልንገር!

ምጥ መጣ። እኛ አገር በምጥ የማትጮህ ሴት ትመሰገናለች፤ በዚህ ደግሞ እኔን ማን ይችለኛል! ከባሌና ከእትዬ ዘነበች ጋር ጤና ጣቢያ ስንደርስ አዋላጇ ሰው በዝቶባታል። ፊቴን አየችና «ገና ነሽ፣ ተመላለሺ» ብላኝ ወደሚጮኹት ሄደች። ወገቤ ሊሰነጠቅ ነው፤ እኔ ግድግዳ ይዤ ጥርሴን እነክሳለሁ። ሲንፈራገጥ የዋለው ልጅ ድንገት ጸጥ አለ። ጠበቅኩ። የለም።

እትዬ ዘነበች እጄን ያዙና «ምነው ቀዘቀዝሽ? ምን ሆንሽ?» አሉኝ።

«ምንም» ልል ነው! ወገኖቼ፣ ያቺ ቃል ልጄን ልትገድልብኝ ነበር! አፌን ስከፍት ግን ሌላ ወጣ፦ «ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ልጄ ሞተብኝ! ድረስልኝ!»

አዋላጇ ሮጣ መጣች፤ ሆዴን አዳመጠች፤ ደነገጠች። «የልጁ ልብ እየደከመ ነው! ይህን ሁሉ እንዴት ቻልሽው? ደርሰሻል፣ ግፊ!»

እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ወጣ። ጠቁሯል፤ ድምፅ የለውም። ጀርባውን ታሻለች፣ አየር ትሰጠዋለች፣ እትዬ ዘነበች ተንበርክከዋል፣ እኔ እጮኻለሁ። ማን ዝም ያሰኘኛል!

አለቀሰ። ሃሌሉያ! አለቀሰ!

እዚያው አልጋ ላይ ሕይወቴን ለጌታ ሰጠሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የዋጥኩትን ሁሉ ነገርኩት። ባሌም ሰማ። «ይህን ሁሉ ይዘሽ ነው አብረሽኝ የኖርሽው?» ብሎ አብሮኝ አለቀሰ። ልማዱ አሁንም ይመጣብኛል፣ አልዋሽም፤ ያኔ ቶሎ እጸልያለሁ፣ ለባሌም እናገራለሁ።

እናንተም «ደህና ነኝ» እያላችሁ ውስጥ ውስጡን የምታልቁ አላችሁ። ጌታ ስላለቀሳችሁ አይመታችሁም፤ እመኑት፣ ንገሩት። ከኋላ ሆኖ ጉባኤውን የሚረብሸው ሕፃን የእኔ ነው፤ እባካችሁ ዝም አታሰኙት፣ ያልቅስልኝ።