ከካርታው ያወጣሁት ቤት

የተወለድኩባት ከተማ በደቡብ ምዕራብ ጫካ ውስጥ፣ ወንዙ እንደ ክርን በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ናት። ከደጋ ቡናና ሰም የጫኑ በቅሎዎች ይወርዱ ነበር፤ ከቆላ ዓሣና ጨው የያዙ ታንኳዎች ሽቅብ ይመጡ ነበር። የሚገናኙት እዚያ መታጠፊያው ላይ ነው። ከተማዋ የተቆረቆረችውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ማንም ሹም አልቆረቆራትም። ክረምት ሲገባ መንገዱን ጭቃ ይውጠውና ከወንዙ በቀር መውጫ አይኖርም። በአንዱ ወገን ከፍ ያለ፣ ነፋስ የሚያገኘው ደረቅ ዳር አለ። ማዶው ረግረግ ነው።

እናቴ ደረቁ ዳር ላይ ለታንኳ ቀዛፊዎች ጠጅ ትሸጥ ነበር። ልጅ ሳለሁ አዲስ የማዘጋጃ ቤት ሹም ተሾመና ቦታችንን ወደደው። አንድ ጠዋት ሠራተኞች ይዞ መጥቶ ሰፈራችንን በሙሉ አስፈረሰ፤ እኛን ወደ ረግረጉ አሻገረና ለራሱ ሰፊ በረንዳ ያለው ቤት ሠራበት። በዚያው ክረምት ታናሽ ወንድሜን ወባ ያዘው። ክሊኒኩ ያለው ከወንዙ ወዲያ ነው፤ ወንዙ ደግሞ ሞልቶ በታንኳ የሚደፍረው ጠፋ። የማዘጋጃ ቤቱ የሞተር ጀልባ ከሹሙ ቤት ሥር ታስራ ትታየናለች። እናቴ ልጁን ታቅፋ ጮኸች። ሹሙ በረንዳው ላይ ብቅ ብሎ አየን። “ጀልባዋ የመንግሥት ናት!” ብሎ ወደ ቤቱ ገባ። ወንድሜ እቅፏ ውስጥ ሞተ።

አሁን የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ሥራዬ የውሃና የፍሳሽ መስመሮችን በኮምፒውተር ካርታ ላይ ማስፈር ነው። የከተማችን ተወላጆች በዓመት አንዴ አዳራሽ ተከራይተን እንሰበሰባለን። ባለፈው ዓመት ከአዘጋጆቹ አንዷ ኮል አደረገችልኝ።

“የከተማችንን ታሪክና ጂኦግራፊ በአንድ ትልቅ ካርታ ሥሪልን” አለችኝ። “የክብር እንግዳችን የድሮው ሹም ናቸው። እዚሁ አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ፣ ሴት ልጃቸው ጋ ነው ያሉት፤ ሄደሽ አነጋግሪያቸው።”

ሞቷል ብዬ ነበር የማስበው። በሕይወት መኖሩን ስሰማ ደስ አለኝ። ምን ዓይነት ደስታ እንደሆነ ግን ለማንም አልተናገርኩም።

በሩን የከፈተልኝ ራሱ ነው፤ በከዘራ ተደግፎ። ፊት ለፊት አንቱ አልኩት፤ እዚህ ግን አንቱታውን አላባክንለትም። አላወቀኝም። ሻይ አቀረበልኝና ስላስተከለው ማንጎ፣ ስላስመጣው ጄኔሬተር፣ ስላሠራው የጀልባ መጠጊያ አወራኝ።

“ጫካ ነበረች። ከተማ ያደረግኋት እኔ ነኝ” አለ።

“ቤትዎን ከመሥራትዎ በፊት ቦታው ላይ ምን ነበር?”

“ምንም! ቁጥቋጦ ነበር፣ ልጄ። ሰው የሚባል አልነበረበትም።”

አመስግኜው ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። ስድብ አማረኝ፤ ግን ስድብ ትንሽ ሆነብኝ።

በአጎራባቾቹ ከተሞች፣ ዊተንና ታኮማ ፓርክ ያሉትን የድሮ ጎረቤቶቼን እየዞርኩ ጠየቅኋቸው። የልብስ ሰፊው ቤት፣ የታንኳ ጠራቢው ቤት፣ የማር ቆራጩ ቤት፣ የእናቴ ጠጅ ቤት ከነጓሮው፤ ሁሉንም በየቦታቸው ሣልኳቸው። የሹሙን ቤት ተውኩት። በረንዳው የነበረበትን ጫፍ አረንጓዴ ቀባሁና በጥሩ ፊደል “ቁጥቋጦ” ብዬ ጻፍኩበት።

የስብሰባው ቀን ካርታው የአዳራሹን ግድግዳ ሞላው። ሽማግሌው ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ በልጁና በልጅ ልጁ ታጅቦ ገባ። ተጨበጨበለት። የልጅ ልጁ ካርታው ፊት ቆማ የእሱ ቤት የቱ እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጠየቀችው። መነጽሩን አስተካክሎ ፈለገ። በጣቱ ወንዙን ተከትሎ መታጠፊያው ላይ ደረሰና ቆመ።

“ቤቴ የታለ?” አለ ወደ እኔ ዞሮ።

“እዚያ ቁጥቋጦ ነው” አልኩት። “ሰው የሚባል አልነበረበትም። እርስዎ ነዎት የነገሩኝ።”

ከዚያ አንዲት እናት ከወንበራቸው ተነሥተው መጡና የልብስ ሰፊውን ቤት በመዳፋቸው ነኩት። “የባሌ ቤት ነው። እርስዎ ያፈረሱት” አሉት። ሌሎችም ተነሥተው መጡ። እኔም ስለ ጀልባዋና ስለ ወንድሜ ተናገርኩ። ሽማግሌው የሚቀመጥበት ፈልጎ ዞር ሲል ወንበር ያቀረበለት የለም። ምግቡ ሳይቀርብ ልጁና የልጅ ልጁ ይዘውት ወጡ።

በማግስቱ ልጁ ደወለችልኝ። “ትልቅ ሰው ናቸው። ሰው ፊት ሂዩሚሊየት አደረግሻቸው፤ አዋረድሻቸው” አለች።

“አዎ” አልኳት።

“ምን አተረፍሽ?”

“ፊቱን አየሁ።”

አዘጋጆቹ ቤቱን እንድጨምርላቸው ለመኑኝ፤ እምቢ አልኩ። ካርታው እንዳለ ተባዝቶ ለየቤቱ ታደለ። ሽማግሌው ከዚያ በኋላ ስብሰባ ላይ አልታየም።

አንዴ ብቻ ተገናኘን፤ ዘንድሮ፣ አሌክሳንድሪያ አንድ የሐበሻ መደብር ውስጥ። ልጁ ሂሳብ ስትከፍል እሱ በር አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ከስቷል። ጠጋ እንድል በእጁ ጠቆመኝ።

“ያ ልጅ... ወንድምሽ” አለኝ። “ስሙ ማን ነበር? በጸሎት ላስበው ብዬ ነው።”

ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። አየሁት፤ ግን አላባባኝም።

“ለእርስዎ አልነግርዎትም” አልኩትና በርበሬዬን ይዤ ወጣሁ።