ሁለተኛው ቱቦ

አባቴ ዓይናቸው ሊጠፋ መሆኑን የሰማነው አዲስ አበባ፣ አንድ ሐኪም ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠን ነው። በዓይናቸው ውስጥ ያለው ግፊት ነርቩን ጎድቶታል፣ የሄደው ብርሃን አይመለስም፣ የቀረውም ቢበዛ ዓመት ቢቆይ ነው ተባልን። አባቴ ይህን ሰምተው፣ "እስከዚያ ድረስ መኪና መንዳት እችላለሁ?" ብለው ጠየቁ። ሐኪሙ ሳቀ። ያንን ሳቅ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

አባቴ ዕድሜያቸውን የፈጁት አሰብ መንገድ ላይ ነው። ከናዝሬት ተነስተው ወለንጪቲን፣ መተሐራን፣ አዋሽን አልፈው እስከ ባሕሩ ድረስ የገዛ ራሳቸውን የጭነት መኪና ሲነዱ ኖሩ። አብዮቱ ሲመጣ መኪናቸው ተወረሰች፤ ከዚያ ወዲህ መሪ ጨብጠው አያውቁም። የሰው መኪና ንዱ የሚላቸው ከተገኘ ይቆጣሉ። "የራሴን ወስደውብኝ በልመና ልንዳ?" ይላሉ።

ከሐኪሙ ቤት ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው መንገዱን ብቻ ያዩ ነበር። ሞጆ ስንደርስ፣ "አንድ ቀን፣ እያየሁ፣ ከወለንጪቲ ወዲያ ያለው ሜዳ ላይ በራሴ መኪና ብነዳ ሌላ ነገር አልፈልግም" አሉኝ። እኔ ጋራዥ ውስጥ የምሠራ ሰው ነበርኩና፣ "እኔ መኪና እሠራልዎታለሁ" አልኩ። ምን ነክቶኝ እንዳልኩት አላውቅም። ከአፌ ወጣ፣ አለቀ።

መኪና መግዛት በዚያ ዘመን ለእኛ ቢጤ የሚታሰብ አልነበረም። ግቢያችን ውስጥ ግን ከአንዲት ትንሽ የጣሊያን መኪና የተረፈ ሻንሲ ከነመሪው ወድቆ ነበር። ሞተሯ ከኋላ፣ የነዳጅ ታንኩ ከፊት የሆነ ዓይነት ናት። ሞተሩ ከሞተ ቆይቷል፤ አካሏንም ዝገት በልቶታል። አዲሱን አካል ከዘይት በርሜል ላሜራ ቀጥቅጬ ሠራሁላት። ጎረቤቶቻችን በአጥር ላይ ብቅ እያሉ፣ "የሬሳ ሳጥን ነው ወይስ መኪና?" ይሉኛል። "ለእናንተ ከሆነ ሳጥን ነው!" እላቸዋለሁ። አባቴ በረንዳው ላይ ሆነው ይስቃሉ።

ሞተር ግን ከበርሜል አይቀጠቀጥም። አርሲ ነገሌ አጠገብ የፈረንጆች ፕሮጀክት መኪና ተገልብጣ ሞተሯ እህል ገበያው ጀርባ ተጥሏል ሲባል ሰምቼ ሄድኩ። ሻጩ "አካም፣ አካም" እያለ በደስታ ተቀበለኝ፤ ሞተሩን ገልጦ ሲያሳየኝ ግን ዓይኔን ማየት አቃተው። ካርቡራተር የለውም። በካርቡራተሩ ፋንታ ቀጫጭን ቱቦዎችና የሽቦ መዓት ነበሩ፤ ሽቦዎቹ ሁሉ አንዲት የታሸገች ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። ኢንጄክሽን የሚባለው ነው። ናዝሬት ውስጥ እንዲህ ያለ ሞተር ነክቶ የሚያውቅ መካኒክ አላውቅም ነበር። ማንም ስላልፈለገው ረክሷል፤ እኔም ስለረከሰ ፈለግሁት። ቴፔን ሸጬ ገዛሁና በእህል መኪና ላይ፣ ከበቆሎ ጆንያ ጋር ጭኜ አመጣሁት።

ሽቦውን የሚረዳልኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሬዲዮ የሚጠግን ጓደኛዬ። ጴንጤ ነው። ያን ጊዜ ጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ በየቤቱ ተደብቀው ነበር የሚጸልዩት። እሱ ታዲያ እያንዳንዷን ሽቦ ከመበየዱ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል። እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ "አሜን በልና ቀጥል እንጂ!" ብዬ እጮህበታለሁ። "ቀስ በል፣ የቀበሌው ሰው ይሰማሃል" ይለኛል እየሳቀ።

ሥራው አላልቅ አለ። ሞተሩ ሲገባ ማርሹ አይገጥምም፤ ማርሹን ሳስተካክል ራዲያተሩ ቦታ ያጣል። በመጨረሻ የኋላ ወንበሩን አውጥቼ ጣልኩት። በዚህ መሀል አባቴ ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ ቆመው የሚያልፉትን የጭነት መኪናዎች ሰሌዳ ያነቡ ነበር፤ ዓይናቸውን የሚለኩበት መንገድ ነው። መጀመሪያ ቁጥሩን አንድ ሳይቀር ጮክ ብለው ይጠሩታል። ኋላ ላይ ቁጥሩ ቀርቶ የጭነቱን ዓይነት መናገር ጀመሩ። አንድ ቀን፣ "ቀይ ነው፣ አይደል?" ብለው ጠየቁኝ። መኪናው ሰማያዊ ነበር። "አዎ፣ ቀይ ነው" አልኩና ወደ ሞተሬ ሄድኩ፤ የያዝኩትን ካቻቢቴ ግድግዳው ላይ ወረወርኩት።

ይህ ሞተር ነዳጅ የሚጠጣው እንደለመድነው አይደለም። ፓምፑ ከሚፈልገው አትርፎ ይልክለታል፤ የተረፈው በሁለተኛ ቱቦ ወደ ታንኩ ይመለሳል። ያ መመለሻ ከተዘጋ ግፊቱ መውጫ ያጣል። ይህንን እኔም ያወቅሁት ብዙ ተሳስቼ ነው። ለአባቴ ማስረዳት አልታሰበኝም። እሳቸው የኩፖን ዘመን ሰው ነበሩ፤ ነዳጅ በኩፖን በሚታደልበት በዚያን ጊዜ፣ እኔ ስሠራ ከቱቦ ጫፍ የተንጠባጠበውን ቤንዚን በጨርቅ ጠርገው ጨርቁን ጣሳ ላይ ይጨምቁ ነበር። ናዝሬት ውስጥ ሹፌር የነበረ ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ነዳጅ ሲፈስ ማየት ያመዋል።

ሞተሩ የተነሳው አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። አንዴ አስነጠሰና ለስለስ ብሎ መሥራት ጀመረ። ጓደኛዬ ዓይኑን ጨፍኖ ቀረ፤ ያን ዕለት አልጮህኩበትም። አባቴ እጃቸውን የኋላው ክዳን ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ። "አይጮህም እኮ! እንደ ሰዓት ነው" አሉ። መሪውን፣ መስኮቱን፣ ከደጅ ያለውን ዛፍ አሁንም በጭላንጭል ያዩ ነበር። ቅዳሜ ወለንጪቲ እንሄዳለን ተባባልን። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተደስቼ አላውቅም።

ዓርብ እኔ ሥራ ዋልኩ። ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ኮታቸውን ለብሰው፣ የድሮ ኮፍያቸውን አጥልቀው መሪው ላይ ተቀመጡ። ቁልፉን ራሳቸው አዞሩ። ሞተሩ ተነሳ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ተንገጫገጨ። ላጠፋው ስንደረደር አንድ ነገር ጧ አለና ቤንዚን በጋለው ብረት ላይ ተረጭቶ በእሳት ተያያዘ። አባቴን በብብታቸው ጎትቼ አወጣኋቸው። ጎረቤት ተጠራርቶ በአፈርና በአሮጌ ጆንያ እሳቱን አጠፋነው። የሚስቅ አልነበረም። ሽቦው አለቀ፣ ሳጥኗ ቀለጠች፣ የቀኙ መስኮት መስታወት ረገፈ። አባቴ አፈሩ ላይ ተቀምጠው፣ "ሞተሩስ? ሞተሩ ተረፈ?" ይሉ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ሆኜ ስፈልግ ፊት ለፊት፣ እሳቱ ያልደረሰበት ታንክ ዘንድ ምክንያቱን አገኘሁት። ሁለተኛው ቱቦ ከታንኩ ተነቅሎ አፉ በእንጨት ተወትፏል፤ ውታፉ በካላማዳሪያ ጎማ ተጠፍሮ ታስሯል። ቋጠሮው የጭነት መኪና ሸራ የሚታሰርበት ቋጠሮ ነው። በቤታችን እንደዚያ የሚያስር አንድ ሰው ብቻ ነበር። ዓርብ ብቻቸውን ሲዳብሱ ቱቦዋን አግኝተው፣ ቤንዚን ከሞተሩ የምታወጣ መሆኗን በማሽተት ለይተው፣ ለቅዳሜ የቆጠብናት ነዳጅ እንዳትባክን ዘግተውልኛል። ሊረዱኝ ነው። እንጨቱን ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት። ገብቼም፣ "ሽቦ ነው፤ ሽቦ ከሽቦ ተነካክቶ ነው" አልኳቸው። "እንዲህ ነው?" አሉ።

ሌላ ሳጥን የትም አልተገኘም። ላሜራ በይጄ፣ ከሌላ መኪና የተነቀለ ካርቡራተር ሞተሩ ላይ ደፍቼ እንደገና ጀመርኩ። ለተሰበረው መስኮት መስታወት አጥቼ በላሜራ ደፈንኩት። ጓደኛዬ እየመጣ ይጸልያል፤ እኔ መሳደብም ታክቶኝ ነበር። ክረምቱ ወጣ። አባቴ በራችን ላይ መቆም ተዉ። መኪናዋ እያሳለች መሄድ በቻለች ጊዜ ቀንና ማታ አንድ ሆኖባቸው ነበር።

ያም ሆኖ ወሰድኳቸው። ቃል ቃል ነው ብዬ ይሁን በእልህ እንጃ። ከወለንጪቲ ወዲያ፣ የጤፉ ማሳ ከሚያልቅበት ሜዳ ላይ መኪናዋን አቆምኩና፣ "ይንዱ አባባ፣ ፊት ለፊትዎ ምንም የለም" አልኳቸው። ቶሎ መሪው ላይ አልወጡም። የድሮ ሹፌር ሳይፈትሽ አይነሳም፤ አካሏን እየዳበሱ ወደ ኋላ ዞሩና ክዳኑን ከፍተው እጃቸውን ሞተሩ ላይ አሳለፉ።

"ነዳጁ በዚህ ነው የሚገባው?" አሉ።

"አዎ።"

"ሌላዋ ቱቦስ?"

"ይሄኛው አያስፈልገውም" አልኩ፣ ሳላስብ።

እጃቸው እዚያው ቆመ። "ያኛው ያስፈልገው ነበር ማለት ነው" አሉ።

ያን ጊዜ ቶሎ መዋሸት ነበረብኝ። አፌ እምቢ አለ። ንፋሱ አቧራ ያመጣ ነበር፤ ከዋናው መንገድ ወደ አሰብ የሚወርድ የጭነት መኪና ድምፅ ይሰማል። አባቴ ድምፁ እስኪጠፋ አዳመጡ።

ከዚያ መሪው ላይ ተቀመጡ። እግራቸው ሳይሳሳት ፍሪሲዮኑን አገኘ፤ እጃቸው ማርሹን አንደኛ ላይ አስገባ። ልክ እንደ ድሮው ነበር። ጥቂት ቆይተው ማርሹን መልሰው አወጡትና፣ "አንተ ንዳ፣ ልጄ" አሉኝ። አካሏን ተደግፈው በፊት በኩል ዞሩና ቀኝ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እስከ ናዝሬት ድረስ አባቴ ልክ ያን ጊዜ በአውቶቡሱ ውስጥ እንዳደረጉት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ እኔ የደፈንኩትን ላሜራ እያዩ ሄዱ።