ዛምፊራና የወደቁት ግንዶች

ካርፓቲያ ተራራ ሥር ባለችው መንደራችን ሣሯን ከሁሉ ኋላ የምታጭደው ዛምፊራ ናት። ለምን ሲሏት «እንግዶቼ ገና አልጠገቡም» ትላለች። እንግዶቿ ነጫጭ አበቦች ላይ የሚሰፍሩ ቢጫና ጥቁር ጢንዚዛዎች ናቸው፤ ቀንዳቸው ረጅም፣ ፊታቸው በአበባ ብናኝ የተለወሰ።

ባሏ በሞተ ዓመት አውሎ ነፋስ ትልልቅ ዛፎች ጣለባት። ጥቂቱን ለማገዶ አስፈልጣ የቀረውን እዚያው ተወችው። ግንዱ ሲበሰብስ የጢንዚዛዎቹ እጮች ውስጡን እየበሉ ያድጋሉ፤ ዓመታት ቆይተው ክንፍ አውጥተው ወደ አበባው ይበራሉ።

አንድ ቀን የቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያ ጎበጠ። እንጨቱን ትል በልቶት ኖሯል። የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ ፒንቴያ ነጭ ጋዝ ይዞ የዛምፊራን ግንዶች ሊያቃጥል መጣ፤ እኔም ከተከተሉት አንዱ ነበርኩ።

«እትዬ ዛምፊራ፣ ይነሱ! የእግዜርን ቤት የጨረሱት የእርስዎ ትሎች ናቸው!»

ግንዱ ላይ እንደተቀመጠች «የኔዎቹ እንዳንተ ናቸው ፒንቴያ፤ ጉሮሯቸው ካልራሰ አይሆንላቸውም» አለችው።

ፒንቴያ መጠጥ እንደሚወድ የማያውቅ ስላልነበረ ሳቅን። እሱ ግን ተናዶ ዳር ያለውን ግንድ ለኮሰው። እርጥብ ስለነበር ቀኑን ሙሉ ሲጨስ ዋለ። ዛምፊራ አልተራገመችም፤ እንባዋን ግን አየሁት።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን መጣች። በዚያ የእርጅና ዕድሜዋ፣ እኔ መሰላሉን ይዤላት፣ ጣሪያ ላይ ወጣች። አንዱን ወራጅ በመጥረቢያ ስትመታው ደረቅ ዱቄት ረገፈ።

«ይኸው፣ ደረቅ እንጨት የሚበላ ሌላ ዘር ነው። የኔዎቹ እዚህ ቢገቡ በጥም ያልቃሉ» አለች። ፒንቴያ አንገቱን ደፋ።

በዚህ ብቻ አላበቃችም። ለራሷ በረት ጣሪያ ያዘጋጀችውን ጥሩ እንጨት በጋሪ ጭና አመጣች።

«እትዬ፣ እኔ የእርስዎን አቃጥዬ...»

«ወሬህን ተውና በዚያ በኩል አንሳ፣ ከባድ ነው!»

በረዶው ሲገባ የበረቷ ጣሪያ አፈሰሰ፤ ላሟም ከእሷ ጋር ቤት ከረመች። ሙቀቱ ሲመለስ ፒንቴያ መሣሪያውን ይዞ፣ ማንም ሳይጠራው፣ በረቷን ሊሠራ መጣ። አንድ ሳህን የበቆሎ ገንፎ ከአይብ ጋር አቀረበችለትና ከጎኑ ተቀመጠች። ስለ ጭሱ አንድም ቃል አላነሳችም።