ሲኞራን ያዘልኩበት ቀን

ይህ የገጠመኝ የዛሬ ሦስት ዓመት በነሐሴ ወር ነው። ወገቤን ባመመኝ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ወገቤን ደግሞ የማያመኝ ቀን የለም።

የምኖረው ሮም፣ ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ ነው። ሥራዬ አዛውንት መንከባከብ ነው። ሲኞራ ፍራንካ ዘንድ ከገባሁ ያኔ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። እሳቸው ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነበር፤ እግራቸው አልታዘዝ አላቸው እንጂ ምላሳቸው ፍጹም ጤነኛ ነበር።

በዚያ ነሐሴ የሁለት ሳምንት ዕረፍቴን ኦስቲያ ባሕር ዳር ላሳልፍ አስቤ ነበር። ዋና አልችልም፤ የፈለግሁት መተኛት ብቻ ነው። ሲኞራ ግን ሜክሲኮ ካልሄድኩ አሉ። ሟቹ ባላቸው በወጣትነታቸው እዚያ ጫካ ውስጥ፣ ማያ የሚባሉ ሕዝቦች በጥንት ዘመን የሠሩትን ከተማ ፍርስራሽ ሲለኩ ከርመው ነበር። «አንድ ቀን አሳይሻለሁ» እንዳሉ ሳያሳዩዋቸው ሞቱ። አብራቸው ልትሄድ የነበረችው ልጃቸው በመጨረሻው ሳምንት ሥራ ያዘኝ አለች። ሐኪሙ ደግሞ ከዚህ ጉዞ በኋላ አውሮፕላን አይታሰብም ብሏቸዋል። ፓስፖርቴ የጣሊያን ስለሆነ ቪዛ አልጠየቅም፤ ሰበብ እንኳ አጣሁ።

ከበረራው በኋላ የአምስት ሰዓት የመኪና መንገድ ነበረ። ስንደርስ እግሬ አብጦ ጫማዬን ማሰር አልቻልኩም። ሹፌራችን የፍርስራሹ መግቢያ በር ላይ ቀረ፤ እኔ የሲኞራን ዊልቸር እየገፋሁ ጫካው ውስጥ ገባሁ። ሙቀቱ እንጀራ ሲጋገር ፊትን እንደሚመታው እንፋሎት ነው። ትንኙ ለእኔ ብቻ የተላከ ይመስል ነበር።

ሲኞራ ቦርሳቸው ውስጥ አንድ የባላቸውን ፎቶ ይዘዋል። ባልየው በአንድ ትልቅ የድንጋይ ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጠው ይስቃሉ። የሲኞራ ሐሳብ እዚያ ደረጃ ላይ አንዴ መቀመጥ ነው፤ ሌላ ምንም አልፈለጉም።

ግማሽ መንገድ ላይ የዊልቸሩ የፊት ጎማ ከዛፍ ሥር ጋር ተጋጭቶ ተነቀለ። ብታገል ብታገል አልገባ አለኝ። ሲኞራ «አሎራ፣ እንመለስ» አሉኝ፤ አሎራ በጣሊያንኛ «እንግዲህ» ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። መኪናው ውስጥ ቀዝቃዛ አየር፣ ሆቴሉ ውስጥ አልጋ አለ። ግን ሲኞራ ፎቶውን በመሐረብ ጠቅልለው ወደ ቦርሳቸው ሲመልሱ አየሁ። በስድስት ዓመት ውስጥ ሳይጨቃጨቁ የተዉት ነገር አይቼ አላውቅም። ያ አስደነገጠኝ።

አንገቴ ላይ የነበረውን ነጠላ ፈትቼ ፊታቸው ቁጢጥ አልኩና «ይታዘሉ» አልኳቸው።

«እኔ ሕፃን ነኝ?»

«ሕፃንማ እንዲህ አያስቸግርም።»

በልጅነቴ ሦስት ታናናሾቼን አዝዬ አሳድጌአለሁ፤ ሲኞራም ከአርባ አምስት ኪሎ አይበልጡም። ነጠላው ግን ስስ ነው። ጥቂት እርምጃ ሳልሄድ ከጀርባዬ ይንሸራተቱ ጀመር።

ዛፍ ሥር የጥልፍ ልብስ የምትሸጥ የአገሩ ሴት ነበረች፤ በእኔ ዕድሜ የምትሆን። ዕቃዋን ትታ መጣች። ቋንቋዋን አላውቅም፣ እሷም የእኔን አታውቅም። ነጠላውን ፈታች። ከምትሸጠው መሀል ጠንካራ ኩታ መሳይ አምጥታ በሲኞራ መቀመጫ ሥር አሳለፈችና ደረቴ ላይ ቋጠረችው። ከዚያ ሲኞራን ከኋላ መታ መታ አደረገቻቸው። የሰፈራችን ሴቶችም ሕፃን ሲያሳዝሉ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። እኔ ማዘል የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ከድካም ይሁን ከሌላ እስካሁን አላውቅም።

ሴትዮዋ እጇን ከሲኞራ ሥር አድርጋ እየደገፈች እስከ መጨረሻው ሸኘችን። ሦስት ጊዜ ቆሜ አረፍኩ። ሲኞራን ታችኛው ደረጃ ላይ አስቀመጥናቸው። ፎቶውን አወጡ፣ ድንጋዩን አዩ፣ እንደገና ፎቶውን አዩ።

«ለዚህ ነው እኔን ትቶኝ የከረመው?» አሉ። ከዚያ ድንጋዩን በመዳፋቸው ይዳብሱት ጀመር፤ ለረጅም ጊዜም አላቋረጡም።

ተመልሰን ኩታውን ልሰጣት ስል ሴትዮዋ እምቢ አለች። ነጠላዬን አለበስኳት። እየሳቀች ተቀበለችኝ።

ዛሬ ሲኞራ ያን ጉዞ ጨርሰው ረስተዋል። ልጃቸው ያን ቀን ደረጃው ላይ በስልኬ ያነሳኋቸውን ፎቶ ስታሳያቸው «ይቺ ሴትዮ ማናት?» ይላሉ። ስሜንም የሚጠሩት አንዳንድ ቀን ነው። እኔም ደክሞኛል። ሥራውን እንደምተው ለልጃቸው ልነግራት ከወሰንኩ ሰነባብቻለሁ።

ግን ጠዋት አልጋቸው ጫፍ ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ ጫማዬን ሳስር፣ ሁለት እጆቻቸው ቀስ ብለው ትከሻዬ ላይ ያርፋሉ። «አሎራ፣ እንሂድ» ይሉኛል። እኔም ለልጃቸው ሳልነግራት ቀኑ ይመሻል።