ያልተቀመሰው ዶሮ

እናቴ በየዓመቱ ሆሳዕና ሲደርስ ከደብረ ብርሃን ተነስታ ሀዋሳ ትመጣለች። ከእጇ የማትለያት አንዲት ዘንቢል አለቻት፤ ውስጧ በርበሬና መከለሻ ነው፤ ሀዋሳ በርበሬ የማይሸጥባት ከተማ ይመስል። ትዳር ከያዝኩ ጀምሮ በቤቴ የፋሲካን ዶሮ የምትሠራው እሷ ናት። ቤቱም ድስቱም የሚስቴ፣ ወጡ ግን የእናቴ። ሚስቴ በቅዳሜ ሹር ሽንኩርት ከመላጥ አልፋ አታውቅም።

ምክንያቱ አንድ ነው። ቅዳሜ ገና ጾም ስለሆነ የዶሮው ሠሪ አትቀምስም። አንዳንዱ ቤት ሕፃን ጠርቶ ያስቀምሳል፤ እናቴ ዘንድ ይኸም ነውር ነው። እሷ ክዳኑን ከፈት ታደርጋለች፣ እንፋሎቱ ላይ ጎንበስ ትላለች፣ "ይበቃዋል" ትላለች፣ ይበቃዋልም። ሚስቴ ደግሞ በአዘቦት ቀን ጭልፋውን ሳትልስ ድስት አታወርድም። እናቴ ይህን አንድ ጊዜ አየችና ለጎረቤቱ ሁሉ፣ "ምራቴስ ጎበዝ ናት፤ ምን ያደርጋል፣ ቀማሽ ናት" ብላ አወራች። ሚስቴ መሃል ከተማ ባንክ ውስጥ ስንቱን ሠራተኛ የምታዝ ሴት ናት፤ ቁጡ ደንበኛ አይበግራትም። ይህቺ "ቀማሽ" የምትባል ቃል ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅራ ቀረች። በየፋሲካው ሽንኩርት እየላጠች የምታፈሰው እንባ ሁሉ የሽንኩርቱ እንዳልነበር አውቃለሁ።

ዘንድሮ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የሆቴል ሼፎችን ቤታቸው ከሚሠሩ ሰዎች ጋር የሚያወዳድር ፕሮግራም ጀመረ። ሚስቴ ለእኔ ሳትነግረኝ ተመዘገበች፤ በዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ አዲስ አበባ ሄደች፣ ተቀርፃ ተመለሰች። ውጤቱን ላለመናገር ቃል አስገብተዋታል። ለመንኩ፣ አኮረፍኩ፣ ዓሣ ገዝቼ መጣሁ (እሷ በጾም ዓሣ ትበላለች፣ እናቴ ከሌለች)። ዓሣውን በላችና "ካልታረደ አይታይ ስባቱ" አለችኝ። ከአፏ ያወጣሁት ነገር ቢኖር ዶሮ ወጥ መሥራቷን ብቻ ነው።

ፕሮግራሙ የተላለፈው በሆሳዕና ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያለችው ቤታችን ሳሎን ውስጥ እናቴ የዘንባባ ቀለበቷን ጣቷ ላይ እያሽከረከረች ትልቁን ሶፋ ይዛለች። አጠገቧ ጎረቤታችን የሆነ ባጃጅ ነጂ፣ ከእሱ ቀጥሎ ግቢያችን ውስጥ የተከራየው የዩኒቨርሲቲ ባልደረባዬ። ይህ ሰው ቴሌቪዥን የሚከፍተው ለማየት ሳይሆን ለማረም ነው። ገና ማስታወቂያው ሳያልቅ ውድድሩ ራሱ ፍትሐዊ አለመሆኑን አስረዳን። ሙያተኛ ሰዓትና መጠን የተማረ ነው፤ የቤት ሠሪ ግን አንድ ቀን ይሳካለታል፣ አንድ ቀን ያርርበታል፤ ሁለቱን አንድ ምድጃ ላይ ማቆም ሙያውን መናቅ ነው አለ። ባጃጅ ነጂው ደግሞ ሼፍ ምግብ ሲያስጌጥ እንጂ ሲሠራ አይቶ እንደማያውቅ፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ የምትጠብሰው ሴትዮ ሁሉንም እንደምትረታ ተናገረ። ሚስቴ ስለ እሷ የሚወራ እንዳይመስል ድንች እየቀቀለች ትመላለሳለች።

እናቴ የገባት ነገር ሌላ ነው። "ይኼ የተነሣው መቼ ነው?" አለችኝ። በጾም ነው አልኳት። ዞር ብላ ቴሌቪዥኑ ላይ የተሰየሙትን ዳኞች አየች። "እነዚህስ ጾም የላቸውም?" ባጃጅ ነጂው ቀበል አድርጎ፣ "እንደኔ ጴንጤ ሆነው ይሆናላ፣ ማዘር" አላት። እናቴ ሳትወድ ሳቀች።

በስክሪኑ ላይ ሚስቴና አንድ ነጭ ጃኬት የለበሰ ሼፍ ጎን ለጎን ቆመዋል። ሼፉ ከፊቱ ማንኪያዎች ደርድሯል። ይቀምሳል፣ ማንኪያውን ይጥላል፣ ጨው ጣል ያደርጋል፣ በሌላ ማንኪያ ደግሞ ይቀምሳል። ባልደረባዬ ደስታው ወሰን አጣ፤ ሥርዓት ማለት ይህ ነው አለ። ሚስቴ ግን ታማስላለች እንጂ አንዲት ጠብታ ወደ አፏ አላስጠጋችም። ከዳኞቹ አንዱ፣ ፊቱ የማይፈታው፣ መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

"አልቀመስሽውም እኮ" አላት።

"አያስፈልገኝም" አለችው ሚስቴ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ዳኛው፣ የማይቀምስ ሠሪ ሠሪ አይባልም ብሎ ወደ ካሜራው ዞረ፤ በዚያው ቅጽበት ስልኬ ላይ በከፈትኩት የጣቢያው የፌስቡክ ገጽ የተመልካቹ አስተያየት ይወርድ ጀመር። ለአፍ ዳገት የለውም። አንዱ ትዕቢተኛ አላት። ሌላዋ፣ ራስ ያልቀመሱትን ለእንግዳ ማቅረብ ንቀት ነው ብላ ጻፈች። ሼፉን አታድክሙት፣ ሴትዮዋን ወደ ቤቷ መልሷት ያለም አለ። አንዱ ጨዋ ደግሞ፣ "ያሳዘነኝ ባሏ ነው" አለ። ደሜ ፈላ። ባሏ እኔ ነኝ፣ ጠግቤ ነው የማድረው ብዬ ጽፌ፣ ስለ ጸሐፊው የቤት አያያዝም ጥቂት ልጨምር ስል ሚስቴ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ ተቀመጠችበት።

እናቴ ግን ቴሌቪዥኑን ትታ ወደ እሷ ዞራ ነበር።

"ልጄ፣ ጾም ነኝ አትይውም ነበር?"

"ጾሜን ለዳኛ ምክንያት ላቀርበው ነው እንዴ፣ እማማ?" አለች ሚስቴ። "የጾምኩት ለእሱ አይደለም። ወጡ ከጣፈጠ ይጣፍጣል፤ ካልጣፈጠም ጾም ስለሆንኩ አይማሩኝ።"

እናቴ የዘንባባ ቀለበቷን ማሽከርከሯን አቆመች። "ታዲያ ጨውን በምን አወቅሽው?" አለች፤ ድምፅዋ የፈተና ነበር።

ሚስቴ የድንቹን ሳህን አስቀመጠች። "እርስዎ ጨው ሲጨብጡ እጅዎን እያየሁ ነዋ። ስንት ፋሲካ አጠገብዎ ሽንኩርት ስልጥ ምን የማየው መስሎዎት ነው? መረቁን አያዩም። ሽንኩርቱን አይተው ነው የሚጨብጡት፣ ድስቱ ሳይጣድ።"

ይህን እኔ ልጇ አላውቅም ነበር። ስበላው ብቻ ነው የኖርኩት።

ስክሪኑ ላይ ሼፉ እንደገና ቀመሰና እንደገና ጨው ጨመረ። እናቴ ከንፈሯን መጠጥ አደረገች፤ በበርበሬ የተቃጠለ ምላስ ጨው አይሰማውም፣ ይኼ ልጅ ወጡን ሊያበላሸው ነው አለች። ባልደረባዬ፣ ሰውዬው የተማረ ነው ሊላት አፉን ከፈተ፤ ፊቷን አይቶ መልሶ ዘጋው። ዳኞቹ የሼፉን ዶሮ ቀምሰው እርስ በርስ ተያዩ። መልኩ የሚያምር፣ እንቁላሉ የሚያበራ ወጥ ነበር፤ አንዷ ዳኛ ውሃ አነሳች። ጨው በዝቶበታል ተባለ። ሼፉ ጥቂት ደቂቃ ቢሰጡት እንደሚያስተካክለው ለመነ፤ ሰዓቱ አልቋል።

"ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ" አለች እናቴ፣ "አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።"

ተራው የሚስቴ ሆነ። ያ ፊቱ የማይፈታው ዳኛ እንጀራውን አጠቀሰ፣ ጎረሰ፣ አላመጠ። ባጃጅ ነጂው ጉልበቴን ጨምቆ ይዞኛል። ዳኛው አስተያየት መስጠቱን ትቶ ደግሞ አጠቀሰ፤ ሌሎቹ ሁለቱም ተከተሉት። በመጨረሻ አፉን ጠርጎ፣ ሳይቀመስ እንዲህ የሚሠራ ሰው ካለ ቃሌን አነሳለሁ አለ፤ የሚስቴንም እጅ ይዞ ወደ ላይ አነሳው።

ቤቱ ቀለጠ። ባጃጅ ነጂው ወጥቶ የባጃጁን ጥሩምባ ያስጮኸው ጀመር፤ የሰፈሩ ልጆች ዘንባባ ጭንቅላታቸው ላይ እንዳሰሩ ሠርግ መስሏቸው መጡ። ባልደረባዬ የሙያ ትርጉም ሰፋ ተደርጎ መታየት እንዳለበት ማስረዳት ያዘ፤ አቅፌ ሳምኩት። ስልኬን ከሚስቴ ሥር አውጥቼ ሳየው፣ ትዕቢተኛ ያላት ሰው ራሱ፣ ገና ሲያያት እንደምታሸንፍ ማወቁን ጽፏል። ተውኩት። ደስታዬ ለጠብ ጊዜ አልሰጠኝም፤ እንደዚያ ቀን በሰው ኮርቼ አላውቅም።

እናቴ ብቻ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ጫጫታው በረድ ሲል ዘንቢሏን ጎተተች፣ በርበሬውን አወጣች፣ መከለሻውን ደገመች፣ አንድ በአንድ ሚስቴ ጭን ላይ አስቀመጠች።

"ቅዳሜ አንቺ ነሽ የምትሠሪው" አለቻት። "እኔ ሽንኩርት እልጣለሁ።"

ቴሌቪዥኑ ላይ እጇ ሲነሳ ያላለቀሰችው ሚስቴ፣ በርበሬውን ታቅፋ አለቀሰች።

ቅዳሜ ከሰዓት እናቴ በረንዳው ላይ በርጩማ ይዛ፣ ከፊቷ ለሁለተኛው ድስት የሚሆን የሽንኩርት ክምር፣ ዓይኗ ቀልቶ ትልጣለች። ሚስቴ ውስጥ እንፋሎቱ ላይ ጎንበስ ብላለች። በአጥር በኩል አንዲት ጎረቤታችን ብቅ አለችና፣ ዛሬ ምነው እርስዎ ውጭ፣ ዶሮውን ማን ይዞታል ብላ ጠየቀቻት። እናቴ ቢላዋውን አላስቀመጠችም።

"ምራቴ ናታ" አለች፣ ውስጥ ድረስ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። "ደግሞ አትቀምስም።"