አባታችን ወንበሩ ላይ አንቀላፍቷል

መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ነው። ጅዳ ውስጥ የታሰርኩባት ክፍል ግድግዳ ከወለሉ እስከ ተቀማጭ ሰው ራስ ድረስ በላብና በቅባት ጠቁሯል። ማቀዝቀዣው ሲሠራ ያንቀጠቅጠናል፤ ሲቆም ሽታው ይነሳል።

እዚያው ጅዳ የአየር መንገድ መሐንዲስ ነበርኩ። ለሥልጠና ወደ ሰሜን አውሮፓ ስመላለስ፣ አንድ ቀን በረዶ ሸሽቼ ከገባሁበት መጻሕፍት ቤት ገና በሕይወት ያለች የአንዲት ባለቅኔ መድበል ገዛሁ። እስከዚያ ድረስ የአውሮፓ ሥነ ጽሑፍ ለእኔ የሞቱ ሰዎች ሥራ ነበር። ይህች ሴት ግን ስለ አውቶቡስ ፌርማታ፣ ስለ እናቷ ኩላሊት ትጽፋለች። ቋንቋውን እዚያው ተምሬው ነበርና ወደ አማርኛ እመልሳት ጀመር። ለአንዲት ቃል ሳምንት ስለማባክን ወዳጆቼ «ወርቅ መዛኙ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

አንድ ዓርብ ከእነዚሁ ወዳጆቼ ጋር ኦብሑር በሚባለው የጅዳ ባሕር ዳርቻ ምሳ በልተን እንዲህ የሚል ግጥም አነበብኩላቸው፦

ሽማግሌው ንጉሥ ዙፋኑ ላይ ሞቷል፤
ሊቀሰቅሰው የሚደፍር የለም፤
እኛም እራታችንን በሹክሹክታ እንበላለን።

ከመካከላችን አንዱ በስልኩ ቀዳኝ። ማን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፤ ባላውቅ ይሻለኛል። ቅጂው ከመርማሪው ጠረጴዛ ላይ ቀድሞኝ ደረሰ።

«ፖለቲካ ነው ተብሏል» አለኝ መርማሪው በእንግሊዝኛ። «አሁን እንሰማዋለን። እውነት ከሆነ እዚህ ታረጃለህ።»

አስተርጓሚ አስጠራ። ወላጆቹ ከወሎ የመጡ፣ መካ፣ ሚስፈላ ሰፈር ውስጥ ለሐጅ እንግዶች መስገጃና መቁጠሪያ የሚሸጥ፣ ጢሙ በሒና የቀላ ሰው ነው። ሐበሻ እስረኛ ሲኖር ይጠሩታል። ዓይኔን ሳያይ «አሰላሙ አለይኩም ወንድሜ» አለኝ። ከስልኩ የራሴ ድምፅ ወጣ።

ንጉሡን በዐረብኛ «መሊክ» ብሎ እስኪጠራው ጠበቅኩ። አልጠራውም። «አቡና» አለ፤ አባታችን። ሽማግሌው አባታችን ወንበሩ ላይ አንቀላፍቷል፤ ሊቀሰቅሰው የሚደፍር የለም፤ እኛም እራታችንን በሹክሹክታ እንበላለን።

ድምፁ ደህና ነበር። ከጠረጴዛው ሥር ግን ጣቶቹ መቁጠሪያ እየቆጠሩ ነበር።

መርማሪው ቅጂውን ደግሞ አሰማው። ሰውየውም ያንኑ ደገመ። መርማሪው ወደ እኔ ዞረና «ሰሕ? ልክ ነው?» አለኝ።

ለነጠላ ሰረዝ ከሰው የምጣላው እኔ «ሰሕ» አልኩ። «አንድ ቃል አልሳተም።»

«የእኔም አባት እንዲሁ ነው፤ ወንበሩ ላይ ይተኛል» አለ መርማሪው፤ ስልኩንም ዘጋው።

በሩ ላይ ስንተላለፍ ሰውየው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አፉ በለኝ፣ ግጥምህን አበላሸሁብህ» አለኝ በቀስታ። «እግዜር ይስጥልኝ» ልለው አፌን ስከፍት ዘበኛው «ያላ!» ብሎ ገፈተረኝ። ሳላመሰግነው መቅረቴ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ተሰርዞ ወደ አዲስ አበባ ተባረርኩ። ከወራት በኋላ ሚስፈላ ውስጥ ሆቴል ታጸዳ የነበረች የወሎ ሴት አግኝቼ ስለ አስተርጓሚው ጠየቅኳት።

«ሐጂን ነው? ሱቁ ተዘጋ እኮ» አለችኝ። «እሱ የተረጎመውን አንድ ቅጂ ሌላ አስተርጓሚ ደግሞ ሰማው አሉ። ከዚያ ወሰዱት። የት እንዳለ ወላሂ የሚያውቅ የለም።»

የባለቅኔዋ መድበል በእኔ ትርጉም ባለፈው ዓመት ታተመ። በምረቃው ዕለት ቋንቋውን የሚያውቁ አንድ መምህር ተነሱ።

«ዋናው የሚለው ንጉሥ፣ ዙፋን፣ ሞተ ነው። እርስዎ አባት፣ ወንበር፣ አንቀላፋ ብለዋል። በሚቀጥለው እትም ይታረማል?»

«አይታረምም» አልኳቸው። «ያንን መስመር እኔ አልተረጎምኩትም።»

«ታዲያ ማን ተረጎመው?»

ስሙን አላውቀውም። «መካ ውስጥ መስገጃ ይሸጥ የነበረ ሰው» አልኳቸው።