ቡሬ ዳገት ላይ የምትፈላው መኪና

የፈላ የራዲያተር ውሃ ዝገትና የተቃጠለ ጎማ ባንድ ላይ ይሸታል። ዛሬም መንገድ ዳር ኮፈኗን ከፍታ ከቆመች መኪና ይህ ሽታ ሲመጣብኝ፣ ዝም ብዬ ልለፍ ብልም እግሬ እንቢ ይለኛል፤ ያ የድሮ ንዴቴም ገና ትናንት የተጀመረ ይመስል ይነሳብኛል።

ያደግሁት አቦቦ ነው። እናትና አባቴ በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ገበሬዎች ነበሩ። አባቴ ከእርሻው ሌላ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ነበረችው፤ በበጋ በቆሎና ሰሊጥ ጭኖ ጋምቤላ ይመላለስባታል፣ አንዳንዴም የቡሬን ዳገት ወጥቶ እስከ መቱ ይዘልቅ ነበር፤ ወደ ወሎ የሚያወጣውም መንገድ ይኸው ነበር። እናቴ ደግሞ አንድ ምኞት ብቻ ነበራት፤ ወሎ የቀረች እናቷን በሕይወት ሳለች ማየት። አባቴ «በዚችው መኪና አደርስሻለሁ» ብሎ ቃል ስለገባላት፣ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ተናግራ ጨርሳ ነበር። ሙቀቱ ሲጠናባት «እኔ አገሬን ከረገጥሁ ማን ሊመልሰኝ» እያለች ታስቀን ነበር። አባቴ ግን ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

የመጀመሪያው በጋ ልንነሳ ስንል ጎረቤቱ ሁሉ ግቢያችን ተሰበሰበ። የሰፈራችን ደንብ ነበር፤ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ያለ ዱዓ አይሸኝም፣ ባዶ እጁንም አይሄድም። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ሲመርቁን፣ ሴቶቹም ለየዘመዳቸው የሚላከውን ማንጎና ሰሊጥ ሲያሸክሙን፣ እናቴ እንባና ሳቅ ተደባልቆባት ነበር። ዱዓው ሲያልቅ አባቴ «ዘይቷን ልይ» ብሎ ኮፈኑን ከፈተና ጥቂት አጎንብሶ ቆየ፤ ከዚያ ተነሳን። ሜዳውን እስክንጨርስ መኪናዋ ደህና ነበረች። የቡሬን ዳገት ስንጀምር ግን የሙቀት ጌጁ ወደ ቀዩ ወጣ፣ እንፋሎቱም ፊታችንን ሸፈነው። አቀዝቅዘን፣ ውሃ ጨምረን ብንሞክር እንደገና ፈላች። አባቴ «ሞተሩን ከምንገድለው እንመለስ» አለ፤ ተመለስን። መንገድ ላይ የላሸቀውን ማንጎ ለየባለቤቱ ስናከፋፍል እናቴ ቀና ብላ ሰው አታይም ነበር።

ክረምቱን መኪናዋ ጋምቤላ፣ የአባቴ ወዳጅ የሆነው መካኒክ ኡጁሉ ጋ ከረመች። ኡጁሉ አኙዋ ነው፣ ሥራውን አይቸኩልበትም። አባቴ ከወንዝ እየቀዳ የሚጨምረው ውሃ ደለል ሆኖ የደፈነውን ራዲያተር አውርዶ አጠበ፤ የውሃውን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታትም ለወጠ። ዝናቡ እንዳቆመ አባቴ እስከ አፏ በቆሎ ጭኖ ያንኑ ዳገት ወጥቶ መቱ ደርሶ መጣ፤ «ጠብ አላለችም» እያለም ሲፎክር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በዚያው በጋ እናቴን ይዘን ተነሳን፤ እዚያው ዳገት ላይ ፈላች።

ሰፈሩ ቀልድ አገኘ። «የሰይድ መኪና በቆሎ እንጂ ሰው አትወድም» ይሉ ነበር። እናቴ ግን ቀልዱን አምና ተቀበለችው። «እግረ ደረቋ እኔ ነኝ፤ እኔ ስቀመጥባት ነው» ብላ ስታለቅስ አባቴ አጠገቧ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ይሰማና ዝም ይል ነበር። ከሁሉ እስካሁን የሚያንገበግበኝ ያ ዝምታው ነው።

በሦስተኛው በጋ እናቴ ራሷ ጋምቤላ ሄዳ፣ እስከ መቱ አብሮን እንዲሄድ ኡጁሉን ለመነችው። እሱም በዋዜማው አቦቦ መጥቶ ሞተሩን አንድ በአንድ ሲፈትሽና ሲያጠብቅ ዋለ። አባቴ «ሰውዬውን ምን አስቸገርሽው» ብሎ አኩርፎ ነበር። በማግስቱ ዱዓው ተደረገ፤ አባቴ እንደ ልማዱ ዘይቷን አየ፤ ተነሳን፤ ዳገቱ ላይ ፈላች።

ኡጁሉ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተና ቺንጋውን በአውራ ጣቱ ተጫነው። ጎማው እንደ ልብስ ገመድ ረገበ። ቺንጋው ነው ማራገቢያውንና የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው፤ ሲላላ ሜዳውን እንደ ምንም ይወጣዋል፣ ዳገት ላይ ግን ይንሸራተትና ሞተሩ ማቀዝቀዣ ያጣል።

«ትናንት እኔ በእጄ አጥብቄዋለሁ» አለ ኡጁሉ። «ዛሬ ብሎኑ ላይ አዲስ የመፍቻ ጭረት አለ። ሰይድ፣ ማን ነካው?»

አባቴ ፊቱን ወደ ጫካው አዞረ። እናቴ ከመኪናው ወርዳ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ከሄድሽ አትመለሺም ብዬ ነው» አለ።

ኡጁሉ ቺንጋውን አጥብቆ፣ ውሃውን ሞልቶ «አሁን ትሄዳለች፣ ግቡ» አለን። እናቴ ግን እቃዋን አወረደች። ወደ መቱ የሚሄድ አውቶብስ ሲመጣ እጇን አንስታ አስቆመችው፤ እኔ ቀሚሷን ይዤ ሳለቅስ ጣቶቼን አላቅቃ «ዘሃራ፣ ተመለሺና አባትሽን አብዪው» አለችኝና ተሳፈረች።

አብልቼዋለሁ፣ ግን አላናገርኩትም። አባቴን ከሰው ሁሉ አብልጬ እወደው ነበር፤ የዋሸው እናቴን ብቻ ሳይሆን እኔንም፣ እጃቸውን ዘርግተው የመረቁንን ሽማግሌዎችም ነበር። እሱ «ብዬ ነበር፣ አትመለስም» እያለ በር በሩን ሲያይ ከረመ።

የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል እናቴ ጥቁር ለብሳ መጣች። እናቷ የሞተችው ከሁለተኛው ጉዟችን በኋላ ነበር፤ መርዶውን የሚያደርስ ሰው ጠፍቶ ቆየ እንጂ። በመጀመሪያውም በሁለተኛውም ደርሰን ቢሆን በሕይወት እናገኛት ነበር። እናቴ ይህን ሁሉ ሳትጮህ ነገረችው። መጨረሻ ላይ ብቻ ድምጿ ተሰበረ።

«ልጄ እዚህ፣ ማሳዬ እዚህ፣ የት እሄዳለሁ? ብትጠይቀኝ እኮ እነግርህ ነበር።»

አብረው አረጁ፤ በዚያች መኪና ግን ዳግመኛ አልተቀመጠችም።

ዛሬ እኔና ባለቤቴ የራሳችን መኪና አለን፤ ፈልታ አታውቅም። ያኔ አባቴ ኮፈን ሲከፍት እኔ በሰላም ተደግፌ አሸልብ ነበር። አሁን ባለቤቴ ዘይት ሊያይ በወረደ ቁጥር እኔም ወርጄ አጠገቡ እቆማለሁ፤ እጁ የት እንደሚገባ፣ ምን እንደሚነካ፣ ኮፈኑን እስኪዘጋ ድረስ አያለሁ። ደግ ሰው ነው፣ ምንም አላደረገኝም። ሞተር የምወድ ይመስለዋል።